በሳምንት 31 ሥራ ጨርሼ ምንም አልሠራሁም

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ጠባሴ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ የቡድን መሪ ነኝ። አምስት ፕሮግራመሮችና አንድ የግራፊክስ ዲዛይነር አሉኝ። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚሆን ሲስተም እንሠራለን። ጎን ለጎን ለነጋዴዎች ሎጎና ፖስተር እንሠራለን።

ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው። ግን ከንግድ ነው የመጡት፤ ኮድ አያነቡም። ከጥምቀት በኋላ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ አሰቀሉ። በየዓርቡ በእያንዳንዳችን ስም ፊት ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ስንት ታስክ (ተከፋፍሎ የተሰጠ ሥራ) እንደጨረስንና ስንት መስመር ኮድ እንደጻፍን። ለዲዛይነሩ ደግሞ ስንት ዲዛይን እንዳስረከበ። አሁን እስከ ሰኔ 30 ድረስ ልጆቹን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ አውጥቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጭማሪ ያገኛሉ። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።

በሰሌዳው መሠረት የመጨረሻዋ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ታስክ ብትጨርስ ነው። ግን ሲያቅተን ሁላችንም የምንሄደው ወደ እሷ ነው። ባለፈው የወለድ ስሌቱ ተዛባብን። አራት ቀን ተቀምጣ አገኘችው፤ ለካ የጳጉሜን ቀኖች ሁለት ጊዜ እየተቆጠሩ ነበር። የቀየረችው ሁለት መስመር ነው። ዲዛይነሩም ከታች ሁለተኛ ነው። ለአንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ሎጎ ሊሠራ ሁለት ቀን ገበያ ውስጥ ሲዞር ዋለ፤ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ተጻፈበት።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። አንድ ሳምንት እኔ ራሴ 31 ታስክ ጨርሻለሁ ብዬ አንደኛ ወጣሁ። የአባላት መመዝገቢያውን ፎርም ቆራርጬ ነው። ስም አንድ ታስክ፣ የአባት ስም አንድ ታስክ፣ ስልክ ቁጥር አንድ ታስክ። ባለቤቱ ሰው ፊት ጨበጡኝ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእኛ ሥራ በቁጥር አይለካም ብዬ ልንገራቸው? ወይስ ዝም ብዬ ደረጃውን ልስጥ?

ሰሌዳው ያሰለቸኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

ወንድሜ፣

«የአባት ስም አንድ ታስክ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሻይዬን ልደፋው ነበር። ስቄ ስጨርስ ግን ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። አንተ አጭበርባሪ አይደለህም። አጭበርባሪ እንቅልፍ አያጣም፤ ለማያውቀው ሰውም አይናዘዝም። እንዳንተ ያለ ሰው ስምን ከአባት ስም ነጥሎ መቁጠር ከጀመረ፣ የቀሩት ልጆች ምን እያደረጉ ይሆን? ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። የመንዝን ብርድ አንተም ታውቀዋለህ፣ ያለ ባና አይገፋም። ባና ሲባል ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነው። ጠጉሩን አጥባ፣ በደጋን ነድፋ የምትፈትለው ሴቷ ናት። የሚሸምነው ወንዱ ነው። እኔ አያቴ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። እንዝርቱ ሲሾር ዓይኗ እዚያ አልነበረም። ከጎረቤት ጋር ታወራለች፣ ዶሮ እሽ ትላለች። የሚያየው ጣቷ ነበር። ጠጉሩ የተቋጠረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆም ይላል። ያችን ጉብታ አላልቶ፣ አሳስቶ ያሳልፋታል። ከዚያ እንዝርቱ እንደገና ይሾራል።

አንድ በጋ አንድ ነጋዴ መጣ። የተፈተለ ክር በኪሎ እገዛለሁ አለ። መንደሩ ተደሰተ። ወር ሳይሞላ ጠጉሩን ማጠብ ቀረ፤ ቅባቱና አፈሩ ይመዝናላ። ክሩ ወፈረ፤ ወፍራም ክር ኪሎ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅም። አንዳንዷ ልቃቂቱን እርጥበት ያለበት ቦታ አሳድራ ጠዋት ታስመዝን ጀመር። አልዋሽህም፣ አያቴም አንዷ ነበረች። ነጋዴው ሚዛኑን እያየ ደስ ብሎት ጭኖ ሄደ።

ጉዱ የወጣው ሸማኔው ጋ ነው። ክሩ ድር ላይ ሲወጠር ይበጠሳል። በአንዱ በኩል ገመድ ያህል ነው፣ በሌላው በኩል ሳስቷል። ነጋዴው በቀጣዩ ዓመት ዝር አላለም። ሸማኔዎቹ ድሮም ቢሆን ኪሎ ጠይቀው አያውቁም። ልቃቂቱን ያነሳሉ፣ ክሩን በሁለት ጣት መሀል ያሳልፋሉ፣ ሳብ ያደርጉታል። ከዚያ «የማን እጅ ነው?» ይላሉ። የአያቴ እጅ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ ሸማኔ ልቃቂቷን መለሰባት። ያን ቀን እስክትሞት አልረሳችውም።

ሰሌዳችሁ የሚቆጥረው እንዝርቱ ስንት ጊዜ እንደሾረ ነው። ሸማኔውን የጠየቀው የለም። የእናንተ ሸማኔ ማን ነው? ማለዳ ኮምፒውተሩን ከፍታ የአባላትን ቁጠባ የምታስገባው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናት። ከስድስት ወር በኋላ ያን ኮድ ከፍቶ ማስተካከል ያለበት የገዛ ባልደረባህ ነው። የብርድ ልብስ ነጋዴውም ነው። ሥራችሁ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው እነሱ እጅ ሲገባ ነው።

እንዲህ የሚሆነው መንዝ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1982 እ.ኤ.አ. አፕል ሊዛ የሚባለውን ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ኃላፊዎቹ ልክ እንደ ባለቤታችሁ አሰቡ። ፕሮግራመሮቹ በሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ ፎርም እንዲሞሉ አደረጉ። በዚያው ሰሞን ቢል አትኪንሰን የሚባለው ፕሮግራመር ስክሪን ላይ ቅርጽ ከሚሥለው ፕሮግራም አንዱን ዋና ክፍል እንደ አዲስ ጽፎት ነበር። ፍጥነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ጨመረ። ኮዱ ደግሞ በ2000 መስመር ገደማ አጠረ። ፎርሙ ሲመጣለት የመስመር ብዛት በሚለው ቦታ ላይ −2000 ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፎርሙን ሙላ ማለታቸውን ተዉት። ጠባሴ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው በእሱ ላይ ነበር።

ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራም በ1988 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሌላ በኩል አነሳው። የኮድ መስመር መቁጠር ካማራችሁ እንደ ምርት ሳይሆን እንደ ወጪ ቁጠሩት አለ። ይህቺን ባለቤታችሁ ከእኔና ካንተ ይበልጥ ይረዷታል። ነጋዴ ናቸው። ብዙ ወጪ ያወጣውን ሠራተኛ ጠርተው አይጨብጡም። እያንዳንዱ የኮድ መስመር ነገ የሚነበብ፣ የሚጠገን፣ የሚበላሽ ነገር ነው። ያው ሥራ በትንሽ መስመር ከተሠራ ትርፍ ነው።

ነገሩ በምጣኔ ሀብትም የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጉድኸርት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አጭሩን አባባል ያወጣችው ግን የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ማሪሊን ስትራዘርን ናት። መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያ መሆኑ ያከትማል። የአንተ 31 ለዚህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ዝምተኛዋ ልጅ እንምጣ። እስቲ እነዚያን አራት ቀናት በዓይነ ኅሊናህ ተመልከታቸው። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ሁለት ጊዜ ስትቆጠር በአንድ አባል ወለድ ላይ የምታመጣው ልዩነት ሳንቲም ወይም ጥቂት ብር ነው። ማንም ደፍሮ ስህተት አይለውም። «ሳንቲም የማጠጋጋት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሷ አላለፈችም። የአንዱን አባል ሒሳብ በወረቀት ሠርታለች፣ ከሲስተሙ ጋር አስተያይታለች፣ የሌላውን ደግማለች። ምናልባት ሦስቱን ቀን ያጠፋችው የት እንደሌለ ለማወቅ ነው። ሁለቱን መስመር መጻፍ አምስት ደቂቃም አይፈጅ። ይህን ባታገኘው ማኅበሩ ዓመታዊ ሒሳቡን በስህተት ይዘጋ ነበር። ስህተቱን የሠራው ማን ነበር? አልነገርከኝም። ምናልባት ሰሌዳው ላይ ከላይ ካሉት አንዱ ይሆናል፣ በጥድፊያ የጻፈው። እሱ ተጨብጦ እሷ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባት፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

እና «የእኛ ሥራ በቁጥር አይለካም» ልበላቸው ወይ ላልከኝ፣ አትበላቸው። እውነትም አይደለም። ደግሞ እሳቸው ጫማ ውስጥ ቁም። ወር በገባ ቁጥር የሰባት ሰው ደመወዝና የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ እያዩ ነው የነገዱ። እናንተ ጋ ሲመጡ የሚያዩት ሰባት ሰው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነው። አንዱ ይሥራ፣ አንዱ ቴሌግራም ላይ ይሁን በምን ያውቃሉ? ሰሌዳውን ያሰቀላቸው ክፋት አይደለም፣ ስጋት ነው።

«አይለካም» የሚለው ቃል ደግሞ የሰነፍ መደበቂያ ይሆናል። ይህን በራሴ አይቻለሁ። ድሮ አንድ ቦታ ቡድን ስመራ ቁጥር የሚባል ነገር አላስጠጋም ነበር። የፈጠራ ሥራ ነው፣ ሰው ይታመን እል ነበር። አንዱ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ «ሪሰርች ላይ ነኝ» እያለኝ ከረመ። ምንም አልነበረም። የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ማታ ማታ ሲሸከሙ እኔ አላየሁም፤ ለማየት የሚያስችል ነገር አላስቀመጥኩማ። ሁለቱ ጎበዞች ጥለውኝ ሄዱ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ባዶ እጅህን አትሂድ። ሰሌዳውን አውርዱ ከማለትህ በፊት የሚሰቀል ሌላ ነገር ያዝ።

ዶራ የሚባለው የጥናት ቡድን ለዓመታት የሶፍትዌር ቡድኖችን ሲያጠና አራት መለኪያዎችን አውጥቷል። በእናንተ ቋንቋ ልንገርህ። አፕዴት ደንበኛው ጋ በስንት ጊዜ አንዴ ይደርሳል? ኮዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ደንበኛው እጅ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? ካወጣችኋቸው አፕዴቶች ከመቶ ስንቱ ነገር ያበላሻሉ? ሲበላሽስ በስንት ሰዓት ይመለሳል? ብልሃቱ እዚህ ነው፤ ሁለቱ ፍጥነትን፣ ሁለቱ ጥራትን ነው የሚያዩት። ለፍጥነት ብለህ ዝርክርክ ብታደርግ ሦስተኛው ያጋልጥሃል። አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህ የቡድኑ ናቸው፣ የሰው አይደሉም። በሰው ስም ከተጻፉና ጭማሪ ከታሰረባቸው አንተው መጀመሪያ ባዶ አፕዴት ማውጣት ትጀምራለህ። አውቅሃለሁ አሁን።

ከእነዚህ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ሥራ። ባለፉት ሁለት ወራት የጨረሳችኋቸውን አሥር ሥራዎች ውሰድ። ለእያንዳንዱ አራት ቀን ጻፍ። መቼ ተጠየቀ፣ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አለቀ፣ መቼ ደንበኛው ጋ ደረሰ። ኤክሴል ይበቃል። እንደኔ ግምት የሚያስደነግጥህ ሰው የሠራበት ጊዜ አይሆንም፣ ሥራው ተኝቶ ያደረበት ነው። በሁለት ቀን ያለቀ ነገር «ጋሼ ይዩት» ተብሎ ዘጠኝ ቀን ይከርማል። ማኅበሩ መረጃ እስኪልክ ሳምንት ያልፋል። መብራት የጠፋባቸውን ሰዓቶችም አብረህ ጻፍ። ማን ያውቃል፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልቅ አንድ ጥሩ ባትሪ የበለጠ ሥራ ያሠራ ይሆናል። ባለቤታችሁ ገንዘባቸው የት እንደሚፈስ ካዩ የሚከፉ ሰው አይመስሉኝም።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቁጥር ከመጻፍ ሃያ ደቂቃ አስቀምጣቸውና የሚሠራውን ነገር አሳያቸው። በደንብ ካልሠራ ሳይሠራ ይዩት። ገንዘብ ያዧን በስልክ ላይ አስገባት። «ይህቺ ቁልፍ ጠፍታብኝ ነበር፣ አሁን አገኘኋት» ስትል ሲሰሙ ከ31ም ከ131ም የበለጠ ይገባቸዋል። ዝምተኛዋ የጳጉሜንን ነገር ራሷ ታስረዳ። ካፈረች አንተ አስረዳላት፣ ግን እሷ ባለችበት።

ዲዛይነሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የእሱ ነገር ይበልጥ ይለያል። ለብርድ ልብስ ነጋዴ ሎጎ ሊሠራ ገበያ መውጣቱ ደስ ብሎኛል። ገበያችሁ ውስጥ ያለ ብርድ ልብስ ሁሉ ላይ በግ አይደል ያለው? በጉን የማይሥል ዲዛይነር ለማግኘት ሁለት ቀን ቢከፈል ርካሽ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ «በቀን ሦስት» ቢባል ሦስት በግ ነው የሚያመጣው። አንዱ ወደ ቀኝ የሚያይ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ፊት ለፊት። ግን እሱም ግዴታ አለበት። ከገበያ ሲመለስ ያየውን ያሳይ። ፎቶ፣ ማስታወሻ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ነገር። ገዢው ጽሑፉን ያነባል ወይስ ሥዕሉን ነው የሚለየው? ከስንት እርምጃ ላይ ይታያል? ይህን ይዞ ከመጣ ሁለቱ ቀን ዜሮ አይደለም። ባዶውን ከመጣ ዜሮ ነው፤ እሱንም ንገረው። ሥራው ሲደርስ ደግሞ ነጋዴው ስንት ጊዜ እንደመለሰውና ለምን እንደመለሰው ጻፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጀመሪያ ላይ ደንበኛውን በደንብ አለመጠየቅ ነው፤ እሱ ደግሞ የአንተ ሥራ ነው።

ባለቤቱ የመንዝ ሰው ከሆኑ ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ አንሳባቸው። ቀሮ በሚባለው ያገሬው የአጠባበቅ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። በየዓርቡ እየገባ ስንት ጣት አደገ ብሎ የሚለካ አልነበረም። ጠባቂ ግን ነበረ።

ደረጃውን በተመለከተ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ አታውጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ጻፍ። በዓመቱ ምን ሠራ፣ ማን ተጠቀመበት፣ የት ተቸገረ፣ ቀጥሎ ምን ቢማር ይሻለዋል። ከመጻፍህ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ አስቀምጠህ ጠይቅ። «ሲያቅትህ ማንን ትጠራለህ?» ስም ብቻ አትቀበል፤ ተጫዋች ሰው ሁሌም ስሙ ይጠራል። «መቼ? ምን አደረገልህ?» በል። መልሶቹ አንድ ሰው ላይ ሲደጋገሙ ታያለህ። ከዚያ ጭማሪ ይገባቸዋል የምትላቸውን ሁለቱን በምክንያት ጻፍና ፈርም። ይከብዳል። ማንም ቢጠይቅህ «ሰሌዳው ነው» ማለት አትችልም፣ «እኔ ነኝ» ነው የምትለው። ለዚህም ነው ቡድን መሪ የተባልከው።

አነጋገርህን ጠንቀቅ በል። ሰው ፊት አታንሳው፣ ሰሌዳው ሥር ቆመህም አታንሳው። ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ቡና ይዘህ ሂድ። የአፕልን ታሪክ አታስቀድም፤ የፈረንጅ ወሬ ይመስላቸዋል። ከራስህ ጀምር። «ጋሼ፣ ያን ሳምንት የጨበጡኝ አላግባብ ነው» በላቸውና ፎርሙን አሳያቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። የራሱን ጥፋት ያመጣ ሰው ስለ ሌላው ሲናገር ግን ይሰማሉ። ቀጥለህ አሥሩን ሥራ የያዘውን ሠንጠረዥ አውጣ። ሐምሌና ነሐሴን ብቻ ለሙከራ ለምናቸው። ሰሌዳው አይውረድ፣ እሳቸውም አይሸማቀቁ። ስማችሁ ይፋቅና አራቱ የቡድን ቁጥሮች ይጻፉበት።

እንቢ ካሉስ? እንቢ ካሉ ግማሽ ገጾቹን አስረክብ። ደረጃ ካስፈለጋቸው እሳቸው ያውጡ። ለዝምተኛዋ የሚጻፈውን ማስጠንቀቂያ ግን አንተ እንዳትፈርም። ምክንያትህን በጽሑፍ አያይዝ፤ ጳጉሜን፣ አራቱ ቀን፣ ሁለቱ መስመር። እሷም ሰሌዳው ላይ የመጨረሻ መሆኗን እያየች ነው የምትውለው። ዝም ስላለች አልተሰማትም ማለት አይደለም። ዛሬውኑ አንድ ቃል ንገራት።

ባለቤቱ ጋ ከመሄድህ በፊት ደግሞ ያን የ31 ሳምንት ቁጭ ብለህ እንደገና ቁጠረው። ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ ስልኩን ወደ አንድ ፎርም መልሳቸው። እኔ 4 ገምቻለሁ። ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ።